የምጣድ ሽቦ ማሳጠር ለደከመ መስመር መድኃኒት አይሆንም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በአንባቢያን ገጻችሁ ላይ ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ የወጣውን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብሁት። ጸሐፊው ምጣዳቸው በምሽት አልግል እያለ እንዳስቸገራቸው፣ በሰው ምክር የውስጡን ሽቦ ሁለት ስንዝር ያህል አስቆርጠው እንዳሳጠሩት፣ ከዚያ ወዲህም እንጀራው ዓይን እያወጣ እንደሚጋገርላቸው ከገለጹ በኋላ፣ ሌላውም አንባቢ እንደ እርሳቸው ቢያደርግ እንደሚጠቀም መክረዋል። ምክራቸውን ያስደገፉት በትምህርት ቤት በተማሩት ቀመር ነው። ኃይል የሚገኘው የኮረንቲው፣ ማለትም በሽቦው የሚያልፈው ፍሰት፣ ካሬ በሪዚስታንሱ፣ ማለትም በሽቦው ተቃውሞ፣ ሲባዛ ስለሆነ፣ ሪዚስታንሱ ካነሰ ቆጣሪውም ያነሰ ይቆጥራል ይላሉ። ቀመሩ ትክክል ነው፤ ከቀመሩ ያወጡት መደምደሚያ ግን ስሕተት ነው፣ ያውም ቤት ሊያቃጥል የሚችል ስሕተት። ያነሰ እየበላ የበለጠ የሚግል ምጣድ ቢኖርማ ኖሮ፣ እኔ የጥገና ሥራዬን ትቼ እሱን ብቻ እሸጥ ነበር።

ይህን የምጽፈው ጸሐፊውን ለመንቀፍ አይደለም። በባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ፣ ምጣድና ምድጃ በመጠገን ስተዳደር ዓመታት አስቆጥሬአለሁ፤ እርሳቸው የጻፉትንም ከደንበኞቼ አፍ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ፤ ከሥራ ባልደረቦቼም አፍ ቢሆን አልፎ አልፎ አይጠፋም። ስለዚህ ጉዳዩን በቁጥር ማሳየት ይሻላል ብዬ አስቤአለሁ፤ ቁጥሮቹም ከማባዛትና ከማካፈል የማያልፉ ስለሆኑ አንባቢ በስልኩ ማስሊያ እየተከተለ ሊያርመኝ ይችላል።

በመጀመሪያ ስለ ቃላቱ ጥቂት ልበል፤ የብዙው አለመግባባት ምንጭ እዚያ ነውና። እኛ «ኃይል» የምንለው ቢያንስ ሦስት ነገር ነው። ማታ አምፖሉ ሲደበዝዝ «ኃይሉ ደከመ» ስንል የምንናገረው ስለ ቮልቴጅ፣ ማለትም ኮረንቲውን በሽቦው ውስጥ ስለሚገፋው ግፊት ነው። ምጣዱ «ብዙ ኃይል ይበላል» ስንል በወር መጨረሻ ስለምንከፍልበት፣ በኪሎ ዋት ሰዓት ስለሚቆጠረው ፍጆታ ነው። በዕቃው ጎን ላይ «3500 ዋት» ተብሎ የሚጻፈው ደግሞ ዕቃው ሥራውን የሚሠራበት ፍጥነት ነው። አንድ ባለ 3500 ዋት ምጣድ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ የሚቆጥረው 5.25 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ኃይል የምለው ይህንኑ በዋት የሚለካውን ብቻ ነው፤ ሌላውን ቮልቴጅና ፍጆታ እያልሁ በየስሙ እጠራዋለሁ።

ሪዚስታንስ አንድ ሽቦ ኮረንቲ እንዳያልፍበት የሚያሳየው ተቃውሞ ነው፤ መለኪያውም ኦም ይባላል። ስሙ የተወሰደው ከጀርመናዊው ጆርጅ ሲሞን ኦም ነው፤ አባቱ ቁልፍ ሠሪ ነበር፤ ራሱም በመምህርነት ይተዳደር ነበር። ርዝመታቸው የተለያየ ሽቦዎችን እያፈራረቀ ሲለካ ከቆየ በኋላ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1827 ያሳተመው ሕግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፤ ቮልቴጁን ለሪዚስታንሱ ስናካፍለው ኮረንቲውን በአምፔር እናገኛለን። እንግሊዛዊው የቢራ ጠማቂ ልጅ ጄምስ ጁል ደግሞ ኮረንቲ የሚያልፍበትን ሽቦ ውኃ ውስጥ ከትቶ የውኃውን መሞቅ ሲለካ፣ ሙቀቱ ከኮረንቲው ካሬ ጋር እንደሚያድግ አገኘ፤ ይህንንም በ1841 አሳተመ። ደብዳቤ ጸሐፊው የጠቀሱት ቀመር ይህ የጁል ነው።

አሁን ሁለቱን እናገናኛቸው። ኃይል ማለት ቮልቴጅ በኮረንቲ ሲባዛ ነው። በኮረንቲው ቦታ የኦምን ሕግ ብንተካ፣ ኃይል የቮልቴጁ ካሬ ለሪዚስታንሱ ሲካፈል የሚገኘው ይሆናል። በቮልቴጁ ቦታ ብንተካ ደግሞ ኃይል የኮረንቲው ካሬ በሪዚስታንሱ ሲባዛ የሚገኘው ይሆናል። በአንዱ ሪዚስታንስ አካፋይ ነው፤ በሌላው አባዢ ነው። ተማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ይደናገራል፤ እኔም በሥልጠና ላይ ሳለሁ ተደናግሬ ነበር። ሁለቱም ልክ ከሆኑ፣ ሪዚስታንስ ሲጨምር ኃይል ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? መልሱ ያለው ከሁለቱ የትኛው ነገር ቋሚ ሆኖ ይቆያል በሚለው ላይ ነው። ወደ ቤታችን የሚገባው መስመር የሚያቀርብልን ቮልቴጅ ነው፤ በወረቀት ላይ 220 ቮልት። ኮረንቲውን የሚወስነው መስመሩ ሳይሆን የምንሰካው ዕቃ ነው። ስለዚህ ለምጣዱ የሚሠራው ቀመር ቮልቴጅ ያለበት ነው፤ የምጣዱ ሪዚስታንስ ሲያንስ ምጣዱ የበለጠ ኮረንቲ ይስባል፣ የበለጠ ይግላል፣ ቆጣሪውም ይፈጥናል። ደብዳቤ ጸሐፊው ሪዚስታንሱን ሲቀንሱ ኮረንቲው ባለበት የሚቆም መስሏቸዋል፤ አይቆምም።

ምጣዱን በቁጥር እንየው። በአብዛኛው በእጄ የሚያልፉት ምጣዶች 14 ኦም ገደማ ናቸው። 220 በ220 ሲባዛ 48400 ነው፤ ለ14 ሲካፈል 3457 ዋት ይመጣል፤ 3500 ተብሎ የሚጻፈው ይኸው ነው። ኮረንቲው 220 ለ14 ሲካፈል 15.7 አምፔር ነው። ከሸክላው ሥር ባለው ቦይ ውስጥ እንደ ስፕሪንግ ተጠምጥሞ የሚተኛው የኒክሮም ሽቦ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ አንድ ሜትሩ 1.4 ኦም ያህል ስለሚሆን፣ 14 ኦም ለማግኘት 10 ሜትር ያስፈልገዋል። ሪዚስታንስ ከርዝመት ጋር እኩል ስለሚሄድ፣ ከዚህ ላይ ሁለት ሜትር ሲቆረጥ 11.2 ኦም ይቀራል። ሁለት ሜትር ሽቦ ተጠምጥሞ ሲታይ ሁለት ስንዝር ቢሆን ነው፤ ለዚህም ነው ሰዉ ቀላል ነገር የሚመስለው። ይህ የተቆረጠ ምጣድ ሙሉ 220 ቮልት ቢያገኝ 4321 ዋትና 19.6 አምፔር ይሆናል። ስፒናውና ሶኬቱ ግን የተሠሩት ለ16 አምፔር ነው።

«እኔ ቤት ግን አልተቃጠለም» ይሉኝ ይሆናል። ያልተቃጠለበት ምክንያት ሙሉ 220 ቮልት ስለማያገኙ ነው፤ ምጣዱ መጀመሪያም ያልጋለው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ቮልቴጁ የት ቀረ ወደሚል ይዞራል፤ የደብዳቤዬ ዋና ነገርም ይህ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ምሽት እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት አስጠሩኝ። የሚኖሩት አራት ተከራዮች አንድ ቆጣሪ በሚጋሩበት ግቢ ውስጥ፣ ከኋላ በተሠራው ክፍል ነው። ስደርስ አክንባሎውን እያነሡ እንጀራ ወደ ሰፌድ ያወጣሉ፤ ምጣዱ ላይ ምንም ችግር አይታይም። «እትዬ፣ ምኑ ነው የተበላሸው?» አልኋቸው። «ምጣዱስ ደኅና ሆኗል ልጄ፤ ሰሞኑን አንድ ሰው ሽቦውን አሳጥሮልኛል። ቤቱ ነው የሸተተኝ» አሉኝ። እውነትም ከሊጡና ከጭሱ ሽታ ሥር የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ነበር፤ ከየት እንደሚመጣ ግን አይታወቅም። ሶኬቱን ነካሁት፤ ለብ ከማለት አላለፈም።

ምጣዱን ነቅዬ እስኪበርድ ከጠበቅሁ በኋላ በቴስተር ስለካው 11.2 ኦም አነበበ። ምጣዱ ተነቅሎ ሳለ የሶኬቱ ቮልቴጅ 212 ነበር፤ ይህ መጥፎ የሚባል አይደለም። መልሼ ስሰካው ግን ወዲያውኑ 186 ሆነ። በዚያው ጊዜ ረዳቴ በሌላ ቴስተር ቆጣሪው ሥር ሲለካ 207 አገኘ። ከእነዚህ አራት ቁጥሮች የተረፈውን ሁሉ ማወቅ ይቻላል። ኮረንቲው 186 ለ11.2 ሲካፈል 16.6 አምፔር ነው። ከቆጣሪው እስከ ሶኬቱ ባለው መንገድ 207 ሲቀነስ 186፣ ማለትም 21 ቮልት ጠፍቷል። 21 ለ16.6 ሲካፈል 1.27 ኦም ይሆናል፤ ይህ የግቢው ውስጥ ሽቦ ሪዚስታንስ ነው። ከቆጣሪው ወዲያ ያለው የመንገዱ መስመር የወሰደው 5 ቮልት ብቻ ነው፤ 0.3 ኦም ማለት ነው። «መብራት ኃይል ነው ያደከመው» እየተባለ ሲወቀስ የነበረው መስመር ከጠፋው 26 ቮልት ውስጥ ድርሻው አምስት ሆኖ ተገኘ።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ላንሣ። አንዳንድ ባልደረቦቼ የሽቦን ሪዚስታንስ በቀጥታ በቴስተር ለመለካት ይሞክራሉ። የተለመደው ቴስተር ከአንድ ኦም በታች ላለው ነገር አይታመንም፤ የራሱ ሁለት ገመዶች ብቻ ከአንድ ኦም ጥቂት አሥረኞችን ይጨምራሉና። ሽቦን የሚለካው ጭነት ነው፤ ምጣዱን ሰክቶ የጠፋውን ቮልቴጅ ማየት።

የግቢው ሽቦ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ነበር፤ ከቆጣሪው እስከ ኋላው ክፍል 40 ሜትር ይሆናል። ኮረንቲ ሄዶ ስለሚመለስ ርዝመቱ 80 ሜትር ተብሎ ይቆጠራል፤ ይህን የሚረሳው ሰው ብዙ ነው። አንድ ሜትር ርዝመትና አንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መዳብ 0.0172 ኦም ነው። በ80 አባዝተን ለ1.5 ስናካፍለው 0.92 ኦም እናገኛለን። እኔ የለካሁት ግን 1.27 ነው። 0.35 ኦም የት ሄደ? ሽቦው በራሱ ርዝመትና ውፍረት ሊያብራራው የማይችል ተቃውሞ ካለ፣ በመካከል የላላ መጋጠሚያ አለ ማለት ነው። የዚያ መጋጠሚያ ሙቀትም ከዚሁ ይሰላል። እዚህ ላይ ነው የደብዳቤ ጸሐፊው ቀመር ቦታውን የሚያገኘው፤ ኮረንቲውን ምጣዱ ወስኖታልና መጋጠሚያው የሚግለው በኮረንቲው ካሬ ነው። 16.6 በ16.6 ሲባዛ 275.6፣ በ0.35 ሲባዛ 96 ዋት። ሬዲዮ ጠጋኝ ቆርቆሮ የሚያቀልጥበት ብረት 40 ዋት ቢሆን ነው። ከሁለት የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ብረቶች በአንድ ጣት ጫፍ ላይ ተሰብስበው፣ ከኮርኒስ በላይ፣ እንጀራው እስኪያልቅ በየምሽቱ ይነድዱ ነበር።

ኮርኒሱን ስንከፍት መጋጠሚያውን አገኘነው። ሁለት ሽቦ በእጅ ተጠማዝዞ፣ በናስትሮ ፈንታ በፌስታል ተጠቅልሎ ነበር፤ ፌስታሉ ቀልጦ እንደ ሙጫ ተንጠባጥቧል፤ መዳቡ ጠቁሯል፤ ሽቦው የተጋደመበት የባሕር ዛፍ ማገርም የአንድ ጣት ቁመት ያህል ከስሏል። እትዬ መሰላሉን ይዘው ሽቅብ እያዩ ምንም አልተናገሩም።

ብሬከሩ ለምን አልወረደም ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ብሬከር የሚያየው ኮረንቲን ነው፤ 16.6 አምፔር ደግሞ በዚያ ቤት ለነበረው ባለ 25 አምፔር ብሬከር ምንም አይደለም። ሙቀቱ የት ቦታ ላይ እንደተሰበሰበ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በሾርት ጊዜ እንደሚያድነን በላላ መጋጠሚያ ጊዜ ያድነናል ብሎ ማመን መዘናጋት ነው።

ሽቦው ከመቆረጡ በፊት የነበረውንም ማስላት እንችላለን፤ ምንም ነገር ሳይነካ ምጣዱ 14 ኦም ቢሆን ኖሮ ማለት ነው። ምጣዱ፣ የግቢው ሽቦና የመንገዱ መስመር ኮረንቲው በተራ የሚያልፍባቸው ስለሆኑ ይደመራሉ፤ 14 ሲደመር 1.27 ሲደመር 0.3፣ 15.57 ኦም። 212 ለ15.57 ሲካፈል 13.6 አምፔር። በምጣዱ ላይ የሚውለው ኃይል 2600 ዋት ያህል፣ መጋጠሚያው ላይ የሚውለው 65 ዋት። እውነት ነው፣ 2600 ዋት ለጋጋሪ አያረካም፤ ምጣዱ ካንድ እንጀራ ወደ ሌላው እስኪያገግም ድረስ ያስጠብቃል፤ ሊጡም ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል። ከተቆረጠ በኋላ ምጣዱ ወደ 3090 ዋት አደገ፤ ለዚህም ነው «ደኅና ሆኗል» የተባለው። ነገር ግን የምጣዱ ኃይል ከመቶ አሥራ ዘጠኝ ያህል ሲጨምር የመጋጠሚያው ሙቀት ከ65 ወደ 96 ዋት፣ ማለትም በግማሽ ጨመረ። ቀድሞውንም ይሞቅ የነበረው ነገር አሁን እሳት መሆን ጀመረ።

ያደረግነው ይህ ነው። የግቢውን ሽቦ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ መዳብ ቀየርነው፤ መጋጠሚያ የሌለው አንድ ወጥ፤ ሪዚስታንሱም በስሌት 0.34 ኦም ነው። የምጣዱንም ሽቦ በአዲስ ባለ 10 ሜትር ለውጠን ወደ 14 ኦም መለስነው። በዚያው በ212 ቮልት ሶኬቱ 203 አነበበ፤ ምጣዱ 2940 ዋት ሆነ። ከተቆረጠው ምጣድ ከ3090 ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ለጋጋሪ ብዙም አይታወቅም፤ እትዬም ልዩነቱን አላስተዋሉትም። ልዩነቱ ያለው በሽቦው ላይ ነው፤ በፊት የግቢው ሽቦ 350 ዋት ሲያባክን አሁን 71 ዋት ብቻ ያባክናል። ይህ ብክነት ከቆጣሪው በኋላ የሚፈጠር ስለሆነ የሚከፈልበትም ነው፤ በተቆረጠው ምጣድ ጊዜ ቆጣሪው ከሚቆጥረው አንድ አሥረኛው ኮርኒስ ለማሞቅ ይከፈል ነበር።

የምጣዱን ሽቦ ሳልመልስ የግቢውን ሽቦ ብቻ ብቀይርስ ኖሮ? ሌሊት ሰፈሩ ተኝቶ ቮልቴጁ ወደ 228 ሲወጣ፣ 228 ለ11.84 ሲካፈል 19.3 አምፔር ይሆናል፤ ምጣዱም ከ4100 ዋት ያልፋል። እንጀራው ሥሩ ያርራል፣ ሸክላው ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ስፒናውም ይቀልጣል። ለእኔ ከሚመጡት የቀለጡ ስፒናዎች ውስጥ ብዙዎቹ እንዲህ ሽቦው ካጠረ ምጣድ ጋር የሚመጡ ናቸው፤ ባለቤቶቻቸው ግን «ስፒናው ርካሽ ስለሆነ ነው» ይሉኛል። ርካሽነቱም አለ፤ አልክድም።

አንድ ቆጣሪ በሚጋሩ ግቢዎች ውስጥ ሌላም ነገር አለ። በበዓል ዋዜማ ሁለት ምጣድ አብሮ ሲሰካ፣ ሁለቱ የሚቆሙት ጎን ለጎን እንጂ በተከታታይ አይደለም፤ ስለዚህ ሪዚስታንሳቸው 28 አይሆንም፤ 7 ይሆናል። ዕቃ በጨመርን ቁጥር መስመሩ የሚያየው ሪዚስታንስ ይቀንሳል፤ ይህ ለብዙ ሰው የተገለበጠ ይመስለዋል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ዕቃ ለኮረንቲ አንድ ተጨማሪ በር እንደሚከፍት ካሰብን አይገለበጥብንም። በእነዚያ በ0.3 ኦም የመንገድ መስመር ላይ ሁለት ምጣድ 29 አምፔር ይስባል፤ መስመሩም ከአምስት ይልቅ ወደ ዘጠኝ ቮልት ይጥላል። ጎረቤት ሁሉ አብሮ ሲጋግር የሁሉም ምጣድ የሚደክመው ለዚህ ነው። ደክሞብናል ብለው ሁሉም ሽቧቸውን ቢያሳጥሩ ደግሞ የሁሉም ኮረንቲ ይጨምርና መስመሩ የባሰ ይወድቃል፤ ያሳጠረ ሰው የሚጠቀመው ጎረቤቱ እስካላሳጠረ ድረስ ብቻ ነው።

«ጢስ ዓባይ እዚሁ አጠገባችን እያለ እኛ ቮልቴጅ ሊደክምብን አይገባም» የሚሉ ሰዎችም አጋጥመውኛል። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ጣቢያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ሥራ ሲጀምር አቅሙ 11.4 ሜጋ ዋት ነበር፤ ለባለ 3500 ዋት ምጣዶች ብናከፋፍለው 3257 ምጣድ ነው፤ ከዚያ አያልፍም። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ 460 ሜጋ ዋት ነው፤ እሱ ከ131 ሺህ ምጣድ በላይ ይሆናል። የማመንጫው ቅርበት ግን ለሶኬታችን ምንም አይጨምርለትም። ከበለስ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣው መስመር 400 ሺህ ቮልት ነው፤ ያንኑ ኃይል ለማድረስ ቮልቴጁ አሥር እጥፍ ሲሆን ኮረንቲው አንድ አሥረኛ ይበቃዋል፤ ሽቦው ላይ የሚባክነው ደግሞ በኮረንቲው ካሬ ስለሚሄድ አንድ መቶኛ ይሆናል። ለዚህ ነው ብዙ ኪሎ ሜትር የሚሄደው መስመር በአንጻሩ ጥቂት ብቻ የሚያባክነውና፣ በ212 ቮልት የሚሠራው የእኛ የግቢ 40 ሜትር ሽቦ ከአሥር አንድ እጅ የሚበላው።

ቀመሮቹን በቤቱ ለመሞከር ለሚያስብ አንባቢ ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። የምጣድ ሽቦ ሲግል ሪዚስታንሱ የሚጨምረው በጥቂት በመቶ ብቻ ስለሆነ በቀዝቃዛው የለካነው ቁጥር ለዚህ ስሌት ይበቃል። ባለ ሽቦ አምፖል ግን እንዲህ አይደለም። የባለ 100 ዋት አምፖል ሪዚስታንስ በስሌት 484 ኦም ነው፤ በቴስተር ብትለኩት ግን 40 እንኳ ላይሞላ ይችላል። ቴስተሩ አልተበላሸም፤ የአምፖሉ ሽቦ ሲበራ ከ2000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ስለሚግል ሪዚስታንሱ ከአሥር እጥፍ በላይ ያድጋል። ሁለተኛው፣ ሞተር ያላቸውን ዕቃዎች፣ ማለትም ፍሪጅንና ፓምፕን፣ በዚህ መንገድ አታስሏቸው፤ የጥምጥማቸው ጠባይ ሌላ ስለሆነ በቴስተር የተለካው ሪዚስታንስ ኮረንቲያቸውን አይነግርም።

የደብዳቤው ጸሐፊና ምክራቸውን የተከተሉ አንባቢዎች ካሉ ማድረግ የሚገባቸው ግልጽ ነው። ምጣዱ ተነቅሎ ከበረደ በኋላ በሁለቱ የስፒና እግሮች መካከል ያለው ሪዚስታንስ ይለካ፤ ባለ 3500 ዋት ምጣድ ከ13 ኦም በታች ካነበበ ሽቦው እስኪመለስ ድረስ አይሰካ። በተሰካ ምጣድ ላይ ቮልቴጅ መለካትን ግን ለሙያተኛ ይተዉ። የተጠራው ሙያተኛም ምጣዱን ከመገልበጡ በፊት ቆጣሪው ሥርና ሶኬቱ ላይ፣ ምጣዱ በርቶም ጠፍቶም፣ ቮልቴጅ እንዲለካላቸው ይጠይቁት፤ ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ልዩነት ከአሥር ቮልት በላይ ከሆነ ምጣዱ ሳይከፈት መሰላል ይምጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ጠጋኝ
ሽምብጥ፣ ባሕር ዳር